ኢዮብ ከዚያ በኋላ ምን አለ?

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከአንድ የሰፈራችን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። የሞተው ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። እናቱን እኛ የሰፈሩ ልጆች «እትዬ» እያልን ነው ያደግነው፤ እዚህም እንዲሁ ልጥራቸው። እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ንፍሮው ይዞራል። ሰው ይገባል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብሎ ይነሣል።

በሠልስቱ ዕለት አንዲት በመንፈሳዊነታቸው የተመሰገኑ ሴት ከእትዬ ጎን ተቀመጡና እጃቸውን ያዟቸው። «እትዬ፣ ለቅሶው በዛ። ተመስገን ይበሉ እንጂ! ኢዮብ አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን አጥቶ እግዚአብሔርን ነው እኮ ያመሰገነው» አሏቸው። ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን። ይህን ንግግር ያልሰማበት ለቅሶ ቤት ያለው ማን ነው?

እትዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «ኢዮብ ከዚያ በኋላ ዝም አለ እንዴ?» አሉ።

ነገሩን በቁጣ አልተናገሩትም፤ በምጸትም አልነበረም። በእርግጥ ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። የመለሰላቸው ሰው ግን አልነበረም። አንዱ አጎነበሰ፣ አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሴትዮዋም «አይ እትዬ!» ብለው እጃቸውን ጠበቅ አድርገው ያዟቸው። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዝም ያልኩት ከትሕትና የተነሣ ቢሆን ደግ ነበር። እውነቱ ግን መልሱን አላውቀውም ነበር።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፈ ኢዮብን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩ። መምህረ ሃይማኖት አይደለሁም፤ ሥራዬ ስለ መጻሕፍትና ስለ ቃላት መጻፍ ነው። ያነበብኩትም በዚያው ዓይን ነው። መጽሐፉ 42 ምዕራፎች አሉት። በለቅሶ ቤት የሚነገረን ኢዮብ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ 2 ምዕራፎች ውስጥ ብቻ ነው። ቀሪዎቹን 40 ምዕራፎች ማን ወሰዳቸው?

ይህን ስል በመከራ ጊዜ ማመስገንን ለመንቀፍ ተነሥቻለሁ የሚል አንባቢ እንዳይኖር እፈራለሁ። ክርስቲያን በመከራው ውስጥ ቢያመሰግን ከምግባሮቹ ሁሉ ከባዱንና ምናልባትም ውቡን ሠራ እላለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ እርስ በርሳችን «አመስግን» እያልን የምንሸጋገረው ነገር ያ ምስጋና ነው ወይ?

ቃሉ ራሱ

እስቲ አስቀድመን ቃሉን እንየው። «እንዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቀን ሰው ነው። «ተመስገን» የምንለው ግን ለጠየቀን ሰው አይደለም። ቃሉ «አንተ ተመስገን» ማለት ነው፤ «አንተ» የተባለውም ፈጣሪ ነው። ሰው ጠየቀን፣ እኛ ለእግዚአብሔር መለስን። በቀን ውስጥ ሃያና ሠላሳ ጊዜ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በቢሮ ደጃፍ፣ በስልክ፣ ሰላምታው መካከል አጭር ጸሎት የሚያስገባ ቋንቋ መናገራችን በበኩሌ ያኮራኛል።

ዳሩ ግን ይህ ውበት መደበቂያም ይሆናል። የጠየቀን ሰው መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እጽፍበት የነበረ ጋዜጣ ተዘግቶ ሥራ አጥቼ ነበር። የቤት ኪራይ ሦስት ወር ተጠራቀመብኝ። አንድ አብሮ አደጌ በየሳምንቱ እየደወለ «እንዴት ነህ?» ይለኛል፤ እኔም «ተመስገን» እለዋለሁ። ነገሩን ከሌላ ሰው የሰማ ዕለት መጥቶ «ጠይቄህ ነበር እኮ!» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ቅያሜ አሁንም ይታየኛል። «እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ነበር» ብዬ ልከላከል አልቻልኩም፤ አላመሰገንኩምና። በአምላክ ስም በሬን ዘግቼበት ነበር።

የዚህ ቃል ሁለት ጎረቤቶች ደግሞ አሉት። አንደኛው «ከዚህ የባሰ አያምጣ» ነው። ትሕትና አለው፤ ነገር ግን ውስጡ ሲመረመር ከምስጋና ይልቅ ፍርሃት ይበዛዋል። ሁለተኛው «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» የሚለው ተረት ነው። እሱም ኀዘንን በሚዛን ያስቀምጣል፤ ልጅ ለሞተባት ሁለት የሞተባትን ያሳያታል። በሌላው ቁስል ላይ የተመሠረተ ምስጋና፣ ያ ሌላው ራሱ ምን ብሎ ያመስግን? ከእርሱ የባሰ ደግሞ መፈለግ ሊኖርበት ነው።

የተረሱት 40 ምዕራፎች

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ኢዮብ በአንድ ቀን በሬዎቹንና አህዮቹን፣ በጎቹን፣ ግመሎቹን፣ በመጨረሻም ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቹን አጣ። የጌታን ስም የባረከው እዚህ ላይ ነው። ተራኪዎቻችን የሚዘሉት አንድ ነገር ግን በዚያው ገጽ አለ። ኢዮብ ከመስገዱ በፊት ልብሱን ቀዷል፣ ጠጉሩን ተላጭቷል። በዘመኑ ሥርዓት እነዚህ የኀዘን ምልክቶች ናቸው። አስቀድሞ አለቀሰ፣ ቀጥሎ ሰገደ። ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን በከንቱ ያስቀመጠው አይመስለኝም።

ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ለቅሶ መድረስ ማለት ይህ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከሠሩት ሁሉ የተሻለውም ይኸው ነበር። በ3ኛው ምዕራፍ ኢዮብ አፉን ከፈተ። የተወለደበትን ቀን ረገመ። እትዬ ለጠየቁት ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ኢዮብ ከዚያ በኋላ ዝም አላለም። ወደ ሠላሳ በሚጠጉ ምዕራፎች ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ተከራከረ፣ እግዚአብሔርን ወደ ክርክር ጠራ፣ ክሱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ጠየቀ፣ በሁለቱ መካከል የሚዳኝ ሰው ተመኘ።

ወዳጆቹ የሚመልሱለትን ያነበበ ሰው የለቅሶ ቤታችንን ንግግር ያገኘዋል። አንዱ መከራ ያለ ምክንያት አይመጣም ይላል፤ አንዱ ልጆቹ በድለው እንደሆነ ይጠቁማል፤ አንዱ ንስሐ ቢገባ ኑሮው ከቀድሞው እንደሚደምቅ ተስፋ ይሰጣል። ቃላቸው ያማረ ነው፣ እግዚአብሔርንም ከኢዮብ ይልቅ የሚያከብሩት እነርሱ ይመስላሉ። ፍጻሜው ላይ ግን ፍርዱ ተገለበጠ። እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ቅኑን የተናገረው ኢዮብ መሆኑን ነገራቸው። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ አቅርበው፣ ኢዮብ ደግሞ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ሰው፣ አመስግን እያሉ ሲገሥጹት ለነበሩት አማላጅ ሆነ!

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የምትወቀስ አንዲት ሰው አለች፤ የኢዮብ ሚስት። እግዚአብሔርን እንዲሰድብ የመከረችው እርሷ ናትና ስሟ በክፉ ይነሣል። ነገር ግን የሞቱት አሥሩ ልጆች የእርሷም ልጆች ናቸው። በጥንቱ የግሪክ ትርጉም ንግግሯ ረዘም ያለ ነው፤ በማኅፀኗ ተሸክማ በምጥ የወለደቻቸው ልጆች ድካም ሁሉ በከንቱ መቅረቱን ታነሣለች። ኢዮብም ነገሯን የሰነፍ ሴት ነገር አለው እንጂ ከቤቱ አላባረራትም። በለቅሶ ቤታችን ስለ እርሷ የሚያዝን ሰው ሰምቼ አላውቅም። እትዬን አይቼ ካነበብኩ ወዲህ ግን እንደ ቀድሞው ልፈርድባት አልቻልኩም።

«የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» የሚለው ምርቃታችን እንግዲህ ስሕተት ነው? አይደለም። የያዕቆብ መልእክትም የኢዮብን ትዕግሥት ያነሣል። ያጠፋነው ትዕግሥትን ከዝምታ ጋር አንድ ማድረጋችን ነው። ኢዮብ እየጮኸ ነው የታገሠው። የታገሠውም ከሚጮኽበት አምላክ ፊት ባለመሄዱ ነው።

ምስጋና በወለድ

መጽሐፉ የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው። ሰይጣን ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው በነጻ ነው ወይ ሲል ይጠይቃል። ሀብቱንና ልጆቹን አጥረህለት ነውና ያመሰግንሃል፣ ውሰድበትና እይ ማለቱ ነው። የከሳሹ ነገር ባጭሩ «ምስጋና ንግድ ነው» የሚል ነው። ያ ሁሉ ቅኔ የሚሄደው ይህን ክስ ለመመርመር ነው።

ይህን ይዤ የዘመናችንን ስብከትና መዝሙር ስሰማ አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። «አመስግን፣ ይጨመርልሃል፤ አመስግን፣ በርህ ይከፈታል» የሚለው ትምህርት በየአዳራሹ፣ በየቴሌቪዥኑ፣ በየስልኩ ይሰማል። ምስጋና እንደ ባንክ ቁጠባ ሆኗል፤ ገብቶ ከነወለዱ ይወጣል። ሰባኪው ይህን ሲል ሳያውቀው ለከሳሹ ይመሰክራል፤ ምስጋና በእርግጥ ንግድ ነው እያለ ነውና። በሩ ያልተከፈተላት ምእመንስ ምን ትሁን? ምስጋናዬ አነሰ ብላ ራሷን ትከሳለች። ከኀዘኗ ላይ ሌላ ኀዘን ይደረብላታል።

ምስክርነት የምንለውን ነገርም እንመልከት። መድረክ ላይ የሚወጣው በሽተኛ የነበረ፣ ሥራ ያጣ የነበረ፣ መካን የነበረች ናት። ሁሉም «ነበር» ናቸው። ገና በመካከሉ ያለ ሰው፣ ነገ ምርመራ የሚጠብቀው፣ ልጁ ከሄደበት ያልተመለሰለት አባት፣ ማይክሮፎን ሲሰጠው አላየሁም። በካሴት ዘመን ከነበሩት ጀምሮ እስከ ዛሬዎቹ ድረስ የማውቃቸው መዝሙሮች ብዙዎቹ እንዲሁ የሚነሡት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ዘማሪው ተሻግሯል። ከዚህኛው ዳር ቆሞ የሚዘምር አልጠፋም፣ ግን ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ገና ያልተሻገረ ሰው በጉባኤው መካከል ብቻውን ይቀመጣል። ከእርሱ በቀር ሁሉም የደላው ይመስለዋል።

ይህ ድህነት ከቅዱሳት መጻሕፍት የመጣ አይደለም። መዝሙረ ዳዊትን እናንሣ። ከመዝሙራቱ ውስጥ ብዙዎቹ የሰቆቃ ጸሎቶች ናቸው። አብዛኞቹ በስሞታ ጀምረው በምስጋና ይጨርሳሉ፤ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ሆኖ መነሻውን የጮኸው 21ኛው መዝሙር (በዕብራይስጡ ቁጥር 22ኛው) እንዲህ ያለ ነው፤ በመተው ይጀምራል፣ በጉባኤ መካከል በማመስገን ያበቃል። 87ኛው (በዕብራይስጡ 88ኛው) ግን አይመለስም። በጨለማ ውስጥ ጀምሮ ጨለማን ጠርቶ ያቆማል። 136ኛው ደግሞ የባቢሎን ምርኮኞች በገናቸውን ሰቅለው አንዘምርም ያሉበት ነው፤ አለመዘመራቸው ራሱ መዝሙር ሆኖ ተጻፈ። እነዚህን ከመጽሐፉ ያወጣቸው የለም። ዳዊቱን በየቀኑ ከፍላ በሳምንት የምትጨርስ አሮጊት ከሰባት ቀን አንዱን በዚያ በ87ኛው ጨለማ በኩል ታልፋለች። ዛሬ ደስ ብሎኛልና ልዝለለው አትልም። የእርሷ ወር ደስታ ቢሆንም፣ ጎረቤቷ በዚያው ሳምንት በጨለማ ውስጥ ትሆናለችና።

ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሲሰማ «ጳውሎስን የት ጣልከው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች በሁሉ እንዲያመሰግኑ፣ ለኤፌሶን ሰዎች ደግሞ ስለ ሁሉ እንዲያመሰግኑ ጽፏል። «በ» እና «ስለ» ለየቅል ናቸው፤ በበሽታ ውስጥ ማመስገንና ስለ በሽታው ማመስገን አንድ አይደለም። እኔ «በ»ን ብቻ ይዤ ብከራከር ይቀለኝ ነበር፤ ሁለቱም ግን ተጽፈዋልና አንዱን ደብቄ ላልፍ አልችልም።

ታዲያ የጳውሎስን ቃል የሚተረጉምልን የጳውሎስ ኑሮ ነው። ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው መልእክት ከእስር ቤት የተጻፈ ሆኖ በደስታና በምስጋና የተሞላ ነው። በዚያው መልእክት ግን አፍሮዲጡ ታሞ ሊሞት እንደነበር ይነግራቸውና፣ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ኀዘን በኀዘን ላይ ይሆንበት እንደነበር ይጽፋል። «ቢሞትም ተመስገን» አላለም። ለቆሮንቶስ ሰዎችም በእስያ የደረሰበት መከራ በሕይወት የመኖር ተስፋ እስኪያሳጣው ድረስ እንደከበደው አልደበቀም። ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲወገድለትም ሦስት ጊዜ ለምኗል። ሁሉን የሚያመሰግን ሰው የሚለምን፣ የሚያዝን፣ ተስፋ የሚቆርጥበትም ጊዜ ያለው ሰው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የጌታው ነው። በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አስቀድሞ አለቀሰ፣ ቀጥሎ አባቱን አመሰገነ። እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ! በመጨረሻዋም ሌሊት፣ አሳልፎ የሚሰጠው ሰው በማዕድ ቀርቦ ሳለ፣ እንጀራውን አንሥቶ አመሰገነ፤ በዚያችው ሌሊት በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ። ምስጋናው ልመናውን አልከለከለውም። ቅዳሴያችን «አኰቴተ ቁርባን» መባሉን ልብ እንበል። አኰቴት ምስጋና ማለት ነው። የክርስቲያን ትልቁ የጸሎት ሥርዓት በአልጋ ወራሽ ሠርግ ወይም በድል ማግሥት አልተጀመረም፤ ስሙን ያገኘው በክህደት ሌሊት ከቀረበ ምስጋና ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን አውቃ ለኀዘን ጊዜ ቆርሳ ሰጥታለች። በዐቢይ ጾም ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ። በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም ይቀራል፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይደረጋል። ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር ልብስና ስግደት ነው። ዓርብ ሳለ ማንም ሰው «ለምን ታዝናላችሁ? እሑድ እኮ ፋሲካ ነው» ብሎ ከበሮ አይመታም። እሑድ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ዓርብን ዓርብ አድርጎ ያሳልፈዋል። እትዬን በሠልስታቸው ወደ እሑድ ጎትተን ልናስገባቸው መሞከራችን በገዛ ሥርዓታችን ሲመዘን ጥፋት ነበር።

ካሳና ማስረሻ

ስለ መጽሐፈ ኢዮብ ፍጻሜ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ እትዬን እንደማታለል ይሆንብኛል። መጨረሻው በመልካም ነው። ሰባት ሺህ የነበሩት በጎች ዐሥራ አራት ሺህ፣ ሦስት ሺህ የነበሩት ግመሎች ስድስት ሺህ ሆኑ። ሁሉም እጥፍ ነው። ልጆቹ ግን እጥፍ አልሆኑም፤ እንደ ቀድሞው ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። በግ በበግ ይተካል። ልጅ በልጅ ይተካል ወይ? መጽሐፉ የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ተረሱ አይልም። የሚለው ዘመዶቹና የሚያውቁት ሁሉ ወደ ቤቱ መጥተው አብረውት እንጀራ እንደበሉ፣ ስለ ደረሰበት መከራ እንዳጽናኑት፣ እያንዳንዳቸውም ገንዘብና የወርቅ ቀለበት እንደሰጡት ነው። እንደ እኛ እድር! እግዚአብሔር ከባረከው በኋላም ማጽናናት አስፈልጎታል ማለት ነው።

ይህን ነገር አያቶቻችን ከእኛ አሳምረው ያውቁት ነበር ብዬ አስባለሁ። ልጅ ከሞተባቸው በኋላ ሌላ ልጅ ሲወለድላቸው ብዙ ጊዜ «ካሳ» ወይም «ምትኩ» ወይም «ማስረሻ» ይሉታል። ስሙ ምስጋና ነው፤ እግዚአብሔር ካሰኝ ማለት ነው። ነገር ግን ካሳ የሚባለው ነገር በጠፋበት ሰው ዘንድ ብቻ ነው። እናት ደጃፍ ቆማ «ካሳ! ና ግባ!» ባለች ቁጥር አንዱን ልጅ በአፏ፣ ሌላውን በልቧ ትጠራለች። ማስረሻ የሚለው ስም ራሱ መርሳት አይችልም። ይህን ያደረጉ እነርሱ ብቻ አይደሉም። ዮሴፍም በግብፅ የበኩር ልጁን «ምናሴ» ብሎታል፤ ትርጉሙ ያው ማስረሻ ነው። ሁለተኛውን ኤፍሬም ሲለው ደግሞ የፍሬውን ደስታና ያፈራበትን የመከራ አገር አንድ ላይ አስታወሰ።

እነዚህ ስሞች ለእኔ ከብዙ ስብከት ይልቅ የመከራ ጊዜ ምስጋና ምን እንደሚመስል ያስረዱኛል። ምስጋናውም ጉድለቱም በአንድ ቃል ውስጥ ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ከእኛ ዘንድ ሙሾ የሚያወርዱት አልቃሾች በከተማው እየጠፉ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀረው «ተመስገን በይ» ብቻ እየሆነ ነው። ልቅሶውን ከወሰድንበት፣ ምስጋናውም ብቻውን ቆሞ አይቀርም። ባዶ ሰላምታ ይሆናል።

ለእትዬ ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። ለቅሶ ቤት የትርጓሜ ጉባኤ አይደለምና፤ የኢዮብን ወዳጆች ያጠፋቸው መናገር አልነበረምን? በማግሥቱ ግን ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰው ሲሳሳ ጠብቄ፣ «እትዬ፣ ኢዮብ ዝም አላለም። በጣም ጮኸ። እግዚአብሔርም አልተቀየመውም» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አውቄዋለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ፤ በልጅነቱ ስለሰበረው ብርጭቆ፣ ማታ አምሽቶ ሲገባ በሩን እንዴት ቀስ አድርጎ ይከፍት እንደነበር። እስኪመሽ ድረስ አወሩ፤ እኔም አዳመጥኩ።

በአርባው ዕለት ቤታቸው ስገባ ያቺ መንፈሳዊ ሴት ቀድመውኝ መጥተው ጎመን ይከትፉ ነበር። ለእርሳቸው ያለኝን ክብር ልደብቅ አልሻም፤ አርባውን ቀን ሙሉ ከዚያ ቤት ያልጠፉ እርሳቸው ነበሩ። ከበሩ ላይ አንድ ሰው እትዬን «እንዴት ነዎት?» አላቸው። እትዬ ወዲያው አልመለሱም።

«ቤቱ ጭር ብሎብኛል» አሉ። ጥቂት ቆይተው «ተመስገን» ጨመሩበት።

ሴትዮዋ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «እውነትዎን ነው፣ እትዬ፤ ጭር ብሏል» አሉና ተነሥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።